አረንጓዴው ቁልፍ

ቅመም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአባቷና ከእናቷ ጋር የምትኖረው አውቶቡስ ማደሪያው አጠገብ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ ባላት ቤት ውስጥ ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና የምትለው ሰው ሲጠራት ብቻ ነው። ቅመም የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ስትወለድ እፍኝ አትሞላም ነበር፤ ስታለቅስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «ትንሽ ብትሆንም ቤታችንን አጣፈጠችው» አለና ቅመም አላት። ስሙም በዚያው ጸና።

ልጆች፣ እናንተ መካከል አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ እጁን የሚያወጣ አለ? አያችሁ፣ እየሳቃችሁ ነው! ቅመምም እንደዚያ ነበረች። «እኔ ቲቸር! እኔ! እኔ!» ትላለች፤ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አይቀራትም። ብዙ ጊዜም መልሱን ታውቀዋለች። ስለዚህ ክፍሉ ሁሉ «ጎበዝ ናት» ይላታል። «ጎበዝ» መባል ደግሞ ደስ ይላል። አንዴ የለመደው ሰው ሲቀርበት ይከፋዋል።

አንድ ቀን ጠዋት አስተማሪያቸው ካርቶን ተሸክማ ገባች። ከካርቶኑ ውስጥ ከሳሙና የማይበልጡ ነጫጭ ዕቃዎች እያወጣች ለእያንዳንዱ ልጅ አደለች።

«ቲቸር፣ ስልክ ነው?» አለ አንዱ።

«መጫወቻ ነው?» አለች ሌላዋ።

«ቆይ፣ አትቸኩሉ» አለች አስተማሪዋ እየሳቀች። «ማንም እንዳይነካካው። እጅ ጠረጴዛ ላይ!»

ቅመም የደረሳትን ዕቃ ገልበጥ አድርጋ አየችው። አራት ቁልፎች አሉት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ። ሌላ ምንም የለውም። አስተማሪዋ መጋረጃውን ዘጋች። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማሽን እፍፍ ብሎ ተነሣና ነጭ ብርሃን ግድግዳው ላይ ወደቀ። በብርሃኑ መሐል የአቧራ ብናኝ ሲደንስ ይታያል።

ግድግዳው ላይ ጥያቄ ወጣ። *ሸረሪት ስንት እግር አላት?* ከሥሩ በየቀለሙ መልሶች ተደርድረዋል።

«አሁን የመሰላችሁን ተጫኑ።»

ቅመም ሰማያዊውን ተጫነች። ጠቅ! በየወንበሩ ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ፣ ልጆች፣ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከግድግዳው ግርጌ ባለቀለም ዓምዶች መብቀል ጀመሩ! ሰማያዊው ረዘመ። ቀዩ ትንሽ ብቅ ብሎ ቆመ። ቢጫው ለአመል ያህል ታየ። ሽቦ የለም፣ ክር የለም። ከጣታቸው ተነሥቶ በአየር ላይ አልፎ፣ ያሰቡት ሁሉ ግድግዳው ላይ ቆመ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝንብ ብትበር ይሰማ ነበር።

«ቲቸር፣» አለች ቅመም በቀስታ፣ «ማን ነገረው?»

«እናንተ ናችኋ! እያንዳንዳችሁ ነገራችሁት።»

አስተማሪዋ ብርሃኑ ውስጥ ገባች። ዓምዶቹ ቀሚሷ ላይ አረፉ። «ስሙኝ፣ ልጆች። ይሄ ፈተና አይደለም። እኔ ሳስተምር የገባችሁ ይመስለኛል፤ ግን ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን በምን አውቃለሁ? ይሄ ዕቃ ይነግረኛል። አብዛኞቻችሁ ካልገባችሁ እንደገና አስተምራለሁ። ከገባችሁ ወደፊት እንሄዳለን። እና ይህችን አረንጓዴ ቁልፍ አያችኋት? ሁልጊዜ ‘አልገባኝም’ ማለት ናት። እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።»

ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን የዚያን ዕለት ሌላም ነገር አዩ። ጥያቄው ሲያልቅ ትክክል የመለሱት ልጆች ስም ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ከስሙ ጎን ወርቃማ ኮከብ ብልጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ስለ አረንጓዴዋ ቁልፍ ማን ያስብ? ሁሉም ኮከቡን ብቻ ነው ያየው።

ቅመም በመጀመሪያው ሳምንት ኮከቦቿን ሁሉ በሐቅ አገኘች። ስለ ሸረሪት ታውቃለች። ስለ ዝናብና ስለ ወንዝ ታውቃለች። ማታ ማታ ለአባቷ ትነግረዋለች፤ እሱም በማግስቱ መሪውን እያዞረ ለተሳፋሪዎቹ ይነግራል። «የኔ ልጅ ስም በብርሃን ነው የሚጻፈው!» ይላል።

ከዚያ ክፍልፋይ መጣ።

አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ አስረዳች፣ ጠየቀች። ቅመም ግን አልገባትም። ጭራሽ አልገባትም! ግድግዳው ላይ ጥያቄ ወጣ። *ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?* ቀይ፣ አንድ ስምንተኛ። ሰማያዊ፣ አንድ አራተኛ። ቢጫ፣ እኩል ናቸው። አረንጓዴ፣ አልገባኝም።

ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ እና ቀይ ነው? ግን አስተማሪዋ አይደለም ያለች መሰላት። አውራ ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ሲንከራተት ቆየ። *አረንጓዴውን ብጫነውስ?* ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። *ኮከብ የለማ! ስሜ ሲጠፋ ምን ይሉኛል? ለአባዬስ ምን እለዋለሁ?*

አጠገቧ አንድ ልጅ ይቀመጣል። ወፍራም መነጽር ስላለው ሁሉም ባለመነጽሩ ይለዋል። የቅመም ዓይን ሳታዘው ወደ ጎን ሸርተት አለ። የባለመነጽሩ አውራ ጣት ሰማያዊው ላይ ነው። ጠቅ። እሷም ሰማያዊውን ተጫነች። ጠቅ።

እንግዲህ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደል? ማንም አላያትም። ማንም አልጮኸባትም። ስሟ ወጣ፤ ኮከቡም አበራ። ግን ኮከቡን ስታይ እንደ ድሮው ሆዷ አልሞቃትም።

የዚያን ቀን ሰማያዊው ዓምድ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። ከጎኑ አንዲት ሚጢጢ አረንጓዴ ጉቶ ቀረች። አንድ ሰው ብቻ ማለት ነው።

«ማን ነው?» ተንሾካሾኩ ልጆቹ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አዩ። የጠፋ አንድ ስም ነበር። ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ።

ከቅመም ኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም። ድምፅዋ ስለማይሰማ ዝምታ ብለው ይጠሯታል። ዝምታ አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን እንጨት በጥፍሯ ትፍቃለች። ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል።

«ምንም አይደለም» አለች አስተማሪዋ። «አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በዕረፍት ሰዓት አስረዳታለሁ። እኛ ወደፊት እንሂድ።»

ወደፊት ሄዱ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ከማግስቱም ወዲያ። ትምህርቱ እየከበደ መጣ፤ ሰማያዊውና ቀዩ ይቀያየራሉ እንጂ ትክክለኛው ዓምድ ሁልጊዜ ጣሪያውን ይነካል። ከጎኑ አረንጓዴዋ ጉቶ ብቻዋን ትቆማለች። ቅመም በየቀኑ የባለመነጽሩን አውራ ጣት ታያለች። በየቀኑ ኮከብ ታገኛለች። በየቀኑም የምታውቀው ነገር ከትናንቱ ያንሳል።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቅመም እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ዝምታ እዚያ ነበረች። ውሃውን ከፍታ ቆማለች እንጂ አትታጠብም። እያለቀሰች ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ቅመም።

ዝምታ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ነገ እማዬ ከእኔ ጋር ትመጣለች። ወደ ታች ክፍል አውርዱልኝ ልትል ነው። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

«ለምን?»

«ሁላችሁም ገብቷችኋል። እኔ ብቻ ነኝ የማይገባኝ። ደደብ ነኝ መሰለኝ።»

ቅመም አፏን ከፈተች። *እኔም አልገባኝም* ልትል ነበር። «አይዞሽ» ብቻ አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ማምሻውን አባቷ አውቶቡሱን አቁሞ መስታወቶቹን ይወለውል ነበር። ቅመም ሁልጊዜ ታግዘዋለች። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች።

«ዛሬ ደግሞ» አለ አባቷ ፈገግ ብሎ፣ «አንዲት እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ኮከቦችሽ ስነግራቸው፣ ምን ሆኑ መሰለሽ? መውረጃቸው አለፋቸው!»

ቅመም አልሳቀችም። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ፣ ኮከቡ የኔ አይደለም።»

«እህ? የማን ነው ታዲያ?»

«የባለመነጽሩ ነው። አውራ ጣቱን እያየሁ ነው የምጫነው። ክፍልፋይ አይገባኝም። መቼም ገብቶኝ አያውቅም።» ከዚያ ስለ ዝምታም፣ ስለ ቧንቧውም ሁሉንም ነገረችው። እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ እየተንጠለጠለ ይወርዳል።

አባቷ የወደቀውን ጨርቅ አነሣ። ጨርቁን ጨመቀ። ቅመም ቢቆጣት በተሻላት ነበር። በመጨረሻ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገላት።

«ነይ ቁጭ በይ፣ የኔ ቅመም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ስነዳ ከፊቴ ያለው መኪና በዞረበት ሁሉ ብዞር፣ ተሳፋሪዎቼ የት ይደርሳሉ?»

ቅመም አፍንጫዋን ሳበች። «ሰው ቤት!»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ አባቷ እጇን ያዘ። «ያ ዕቃ የጣትሽን ነገር አውቆ ግድግዳ ላይ ያወጣል። ይገርማል። ግን እሱ የሚያውቀው ጣትሽን ነው። እግዚአብሔር ልብሽን ያያል። ደግሞ አያሳጣሽም፤ ግድግዳ ላይ አያወጣሽም። ራስሽ እስክትነግሪው ይጠብቅሻል።»

«ነገ ምን ላድርግ፣ አባዬ?»

«አንቺው ታውቂዋለሽ። እኔ አብሬሽ ክፍል ልቀመጥ አልችል።»

ቅመም እዚያው ደረጃው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። «አምላኬ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ነገ ደፋር አድርገኝ» አለች። ጸሎቱ አጭር ነበር። ግን ከልቧ ነበር።

በማግስቱ የዝምታ እናት ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር። የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ልጄን ከእኩዮቿ ጋር መሰለፉ ከበዳት፣ መምህርት» አሉ። «ወደ ታች ብትወርድልኝ ይሻላል።»

አስተማሪዋ አዘነች። «ይህችን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ። ከዚያ አብረን ርዕሰ መምህሩ ጋ እንሄዳለን።» እናትየው በሩን ተደግፈው ቆሙ።

መጋረጃው ተዘጋ። ብርሃኑ ወደቀ። ያው ጥያቄ ለክለሳ ወጣ። *ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?*

ቅመም ባለመነጽሩ ሰማያዊውን ሲጫን አየችው። አሁንማ መልሱን ቀለሙን አይታ ታውቀዋለች። ሰማያዊ ነው። መጫን ብቻ ነው። ኮከብም አለ። ደግሞስ ማን ያውቃል?

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መምረጥ ከባድ ነው።

ቅመም ዓይኗን ጨፍና አረንጓዴውን ተጫነች።

ጉቶዋ ከፍ አለች። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ።

«ሁለት!» አለ አንዱ። ስሞቹ ወጡ። የቅመም ስም የለም። ክፍሉ ጉም ጉም አለ። «ቅመም የለችም! ማሽኑ ተበላሸ?»

ቅመም ብድግ አለች። «አልተበላሸም» አለች። «ቲቸር፣ እኔ ክፍልፋይ አይገባኝም። እስካሁን በክፍልፋይ ኮከብ ያገኘሁት የሰው እጅ እያየሁ ነው። ዝምታ ብቻዋን አልነበረችም። እኔም አልገባኝም ነበር። ደብቄ ነው።»

«አታላይ!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። ቅመም ሰማችው። ሸምቀቅ አለች፤ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ኋላ ዞረችና ዝምታን አየቻት። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ትናንት ቧንቧው ጋ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ዝምታ የደፋችውን አንገት ቀና አደረገች። ዓይኗ ፈጠጠ።

በዚህ ጊዜ ባለመነጽሩ ሳል ሳል አለ። «እ... ቲቸር፣ የኔን እጅ ከሆነ ያየችው፣ እኔ የማየው ከፊቴ ያለውን ልጅ ነው።»

ከፊቱ ያለው ልጅ ዘወር አለ። «እኔን? እኔ እኮ የማየው ከእሷ ነው!» ብሎ ወደ ፊተኛው ወንበር ጠቆመ።

መልሱ ለካ ከወንበር ወንበር እየተሻገረ፣ ክፍሉን ሁሉ ሲዞር ነበር የሰነበተው!

አስተማሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገች። «ኮከቡን አጥፍቼዋለሁ» አለች። «ስምም አይወጣም። መጀመሪያውኑ ባላወጣው ጥሩ ነበር። አሁን ዕቃውን ከጠረጴዛ ሥር አድርጉት። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጥያቄውን አነብላችኋለሁ፤ ቁልፎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ፣ አረንጓዴዋ መጨረሻ ናት። እውነቱን ብቻ ተጫኑ።»

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ጠቅ።

«ዓይናችሁን ግለጡ።»

ልጆች፣ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ መሆን ነበር! አረንጓዴው ተነሣ። እንደ ዛፍ ተነሣ። ሰማያዊውን አለፈ፣ ቀዩን ከታች ተወው፣ ጥያቄውን አልፎ ከግድግዳው ጫፍ ደረሰ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ፣ ሸሚዛቸው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም። ማንም አልተንሾካሾከም። እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን መስሎት የደበቀው ነገር አሁን በአንድ ላይ ቆሞ ያዩታል። በር ላይ የቆሙት እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ዝምታ ቀስ ብላ ተነሣች። ዓምዱን ከታች እስከ ላይ አየችው። «ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች።

አስተማሪዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይሄ ሁሉ ቀን ሳስተምር ዛሬ ገና አየኋችሁ» አለች። «በሉ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር። ማንም ወደ ታች አይወርድም፤ ሁላችንም አብረን እንወጣለን።»

መጋረጃው ተከፈተ። አስተማሪዋ ረጃጅም የወረቀት ቁራጮች አደለች። «አንዴ እጠፉት። ስንት ሆነ? ሁለት። እያንዳንዱ አንድ ሁለተኛ ነው። እንደገና እጠፉት። አራት። እንደገና። ስምንት። አሁን አንዱን ክፍል በጣታችሁ ለኩት።»

ቅመም አጠፈች። አጠፈች። አጠፈች። ከዚያ ዘርግታ አየችው። ቁጥሩ እያደገ፣ ቁራጩ እያነሰ! ስምንት ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አራት ሰው ሲካፈለው ከሚደርሰው ያነሰ ነው። እንደዚህ ነው እንዴ? ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ መስኮት የተከፈተ መሰላት። የማንንም ጣት አላየችም። በገዛ እጇ ነው ያገኘችው።

«ገባኝ!» ብላ ጮኸች። ባለመነጽሩ ደንግጦ መነጽሩ ወደቀ።

በዚህ መሐል ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ድምፅ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ፤ እንደዚህ ሰምተውት አያውቁምና። ዝምታ ናት። ወረቀቷን ሌላው ሊያጥፈው ከሚችለው በላይ አጥፋ አጥፋ ጥፍር አሳክላዋለች።

«ቲቸር፣» አለች፣ «ወረቀቱ አልታጠፍ አለኝ። ግን በሐሳቤ እያጠፍኩት ነው። ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ፣ የዚያን ግማሽ... ያልቃል?»

አስተማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አያልቅም» አለች በቀስታ። «ምንም ያህል ብትከፍይው ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቢያጥፈው አይጨርሰውም።»

ክፍሉ በመጀመሪያው ቀን ጸጥ እንዳለው ሳይሆን፣ ከዚያ በጠለቀ ጸጥታ ጸጥ አለ። ቅመም መዳፏ ላይ ያለችውን ወረቀት አየቻት። ትንሽ ናት፤ ግን ውስጧ መጨረሻ የለውም። *አምላኬ፣ ይህንን ሁሉ እዚህች ውስጥ ነው ያስቀመጥከው?* አለች በልቧ። ዝምታ ዛሬ ከዚህ ክፍል ብትሄድ ኖሮ ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቅ ነበር?

እናትየው ከበሩ ላይ «መምህርት፣» አሉ ሽርጣቸውን እያስተካከሉ፣ «እኔ እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልሂድ። ልጄ እዚሁ ትሁን።» ዝምታ ወንበሯን ወደ ፊት ስባ ከቅመምና ከባለመነጽሩ መሐል ገባች፤ ወረቀቱንም ሦስት ሆነው ማጠፍ ቀጠሉ።

ልጆቼ፣ ያልገባንን ነገር በእውነት «አልገባኝም» ስንል እኛም እንማራለን፤ ብቻውን የቀረ የመሰለውም ወንድማችን ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።